ፊት ወደ ጭላሎ

«ፊታችሁን ወደ ጭላሎ! ጀርባችሁን ለሕዝቡ! ዙሩ ሳልል የዞረ ተወዳዳሪ ከውድድሩ ወጣ ማለት ነው!»

ካድሬው መርሻ ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ አበጋዝ ቀድሞ ዞሯል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆኖ ሁለት ጊዜ የተመረጠው እዚሁ ጽሕፈት ቤቱ ፊት ባለው መስክ ላይ፣ በዚሁ ዓይነት ነውና ሥርዓቱን ከካድሬው ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ተወዳዳሪዎች ፊታቸውን ወደ ተራራው ሰጥተው ራቅ ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ ሕዝቡ ከኋላ መጥቶ እያንዳንዱ ከፈቀደው ሰው ጀርባ ይሰለፋል። ተወዳዳሪው ማን ከኋላው እንዳለ፣ ማን እንደሌለ አያይም። የዚያ አገር ሰው ዓይን ለዓይን እየተያየ «አንተን አልፈልግም» ማለት ሞቱ ስለሆነ፣ ለይሉኝታ መሸሸጊያ እንዲሆን የተዘየደ ዘዴ ነበር። እውነቱን ለመናገር ዘዴው እስከዚያ ቀን ተፈትኖ አያውቅም፤ አበጋዝ ሁለቱንም ጊዜ የተወዳደረው ብቻውን ነበር።

ዘንድሮ ግን በግራው በኩል፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ለመነጋገር በሚያመች ርቀት፣ ጎረቤቱ ቱሳ ቆሟል። እጅጌው ጣቶቹን የሸፈነበት ሰፊ ኮት ለብሷል።

«ቱሳ» አለ አበጋዝ አንገቱን ሳያዞር፣ «ጭራሽ ኮት?»

«የወንድሜ ነው። ሚስቴ ናት ካልለበስክ አትሄድም ያለችኝ።»

«ያምርብሃል። ብቻ ስትሸነፍ ቅር እንዳይልህ። ጉርብትናችን እንዳለ ነው።»

«ምን ቅር ይለኛል፣ ኦቦ አበጋዝ! አንተም ቅር እንዳይልህ።»

አበጋዝ ሳቁ መጣበትና ዋጠው። ከተራራው ፊት ለፊት ቆሞ መሳቅ ነውር መሰለው።

ወሩ የካቲት፣ ዘመኑ ሰባ ስምንት ነው። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ አርሲም እንዳለች የመንደር ምሥረታ የሚባለውን ነገር ተሸክማለች። ተራርቆ የሚኖረው ገበሬ ሁሉ ቤቱን አፍርሶ፣ ማገሩንና ወራጁን ተሸክሞ፣ በአንድ ቦታ በመስመር በመስመር መሥራት አለበት። ይፍረስ አይፍረስ የሚለው በላይ ያለቀ ጉዳይ ስለሆነ ማንም አያነሳውም። ከጎረቤት ማኅበር አንድ ሰው «አንነሳም» ብሎ በጭነት መኪና ወደ አሰላ ከተወሰደ ወዲህ አልተመለሰም። ለሕዝቡ የቀረችው አንዲት ጥያቄ የት የምትለዋ ብቻ ነበረች።

እሷንም ቢሆን አበጋዝ አሰላ ላይ መልሷታል። በሊቀመንበሮች ስብሰባ አዳራሽ ስሙ ተጠርቶ «የእናንተስ የት ይሁን?» ሲባል ብድግ ብሎ ከመኪናው መንገድ ዳር ያለውን ሜዳ ጠቆመ። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ለቀያሽ አያስቸግርም፣ መኪና እደጁ ድረስ ይገባል። ተጨበጨበለት። ስለ ውኃው ሲጠይቅ ፓምፕ ይመጣል አሉት። መቼ ብሎ አልጠየቀም፤ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል መቼ ብሎ መጠየቅ ደስ አላለውም።

የማኅበሩ ሰው የሚጠጣው ከላይ በኩል፣ ከጥዱ ሥር ከሚፈልቀው ቡርቃ ከሚሉት ምንጭ ነው። ከሜዳው ተነስታ ቡርቃ የምትሄድ ሴት ሳይነጋ ወጥታ፣ እንስራዋን አዝላ ስትመለስ ፀሐይ አናቷ ላይ ትሆናለች። ይህን ሁሉም ያውቃል። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን ቱሳ ብቻ ነበር።

«ቤታችሁን አፍርሱ ካላችሁን እናፈርሳለን» ነበር ያለው፣ «ግን ቡርቃ አጠገብ እንሥራ። ፓምፑ የመጣ ዕለት ወደ ፓምፑ እንወርዳለን።»

ሰው ሁሉ ዝም አለ። አበጋዝ ዝምታውን ለራሱ ቆጠረው። የምርጫው ጥቆማ ሲደርስ አዴ ጠይባ የሚሏት ባልቴት እጇን አውጥታ «ቱሳ» ስትል ጊዜ ደግሞ አበጋዝ፣ ካድሬው ሁለት ተወዳዳሪ ስለፈለገ ለወጉ ያህል ነው ብሎ ከሌሎቹ ጋር ሳቀ። ቀያሾቹ የሚመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ቦታውን የሚያሳያቸው የተመረጠው ሊቀመንበር ይሆናል፤ ችካሉ አንዴ ከተመታ ደግሞ የሚነቅለው የለም።

እሱም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ቤት ለቤት ዞሮ ቀስቅሷል። በየገባበት ቤት ቁርበት ተነጠፈለት፣ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ቀረበለት። «እሺ፣ ሊቀመንበር፣ እሺ» አሉት። የአርሲ ሰው ደጁ የመጣን ሰው፣ ጠላቱንም ቢሆን፣ ጭኮ ሳያቀምስ እንደማይሸኝ እዚያው ተወልዶ ያደገው አበጋዝ መርሳት አልነበረበትም። ረሳው። ጭኮውን በላ፣ ከጭኮው ጋር የሕዝቡን ድምፅ የበላ መሰለው፣ እየከበደው ወደ ቤቱ ገባ።

«ሕዝቡ ይንቀሳቀስ!» አለ መርሻ ከኋላ። የማኅበሩ ጸሐፊ ሣህሌ ቃሉን ተቀብሎ በኦሮምኛ ደገመው።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ደረቁ ሣር መንኮሻኮሽ ጀመረ።

አበጋዝ ጆሮውን አቆመ። ዕድሜውን ሁሉ አብሯቸው ስለኖረ እግራቸውን ያውቀዋል። የላስቲክ ቦቲ የሚያንቋቋው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነው፤ ወደ እሱ የመጣ መሰለና ወደ ግራ ራቀ። ኮንጎ ጫማ፣ ወደ ግራ። ዱላ እየተከለ የሚሄድ ሽማግሌ፣ ወደ ግራ። ይሁን፣ አለ በልቡ፣ እነዚህ ድሮም የቱሳ ዘመዶች ናቸው። የሣህሌ ሳል ከኋላው ተሰማው። ሣህሌ ሚዜው ነው፣ ልጁን ክርስትና ያነሳለት ነው። ሳሉ ጥቂት ቆየ፣ ያመነታ መሰለ፣ ከዚያ እሱም ወደ ግራ ሄደ።

«ቱሳ» አለ አበጋዝ፣ «ከኋላህ ሰው አለ?»

«እንጃ። አትዙር ተብለናል።»

«አትዙር። በጆሮህስ?»

«ኦቦ አበጋዝ፣ እኔ ፈርቻለሁ» አለ ቱሳ።

እግሩ እየበዛ መጣ። አሁን አንድ በአንድ መለየት አልተቻለም፤ ያ ሁሉ ሰው አንዲት ቃል ሳይናገር፣ ማንም ሳይነዳው ይሄድ ነበር። ማዳበሪያ ለመቀበል እንኳ እነዚህን ሰዎች ለማሰለፍ ሚሊሻ በዱላ፣ ሊቀመንበር በጩኸት ስንት ቀን ደክሟል! ዛሬ ማንም አልጮኸም። ጭላሎ ከነግርማው አበጋዝ ፊት ተቀምጧል፤ ጠዋት ማታ ሲያየው የኖረው ተራራ ነው። የሚያስፈራው ግን ከኋላው ያለው ነበር።

ከዚያ ሁሉ እግር መሀል አንዱን ለየ። ቀኟን ትንሽ ጎተት የምታደርግ፣ ያቺ ሚስቱ ቦጋለች ናት። እርምጃዋ ቀጥ ብሎ መጣና ከኋላው ቆመ። ተመስገን አለ፣ ቢያንስ አንድ ሰው።

«አበጋዝ» አለችው በሹክሹክታ፣ «አትዙር።»

«አልዞርም። መጣሽ?»

«መጥቼ አይደለም። እኔም ወዲያ ነኝ። ከሰው አፍ ከምትሰማው ራሴ ልንገርህ ብዬ ነው።»

«ቤት ሆነሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ነግሬህ ነበር። ወገቤን አመመኝ እያልኩ ስንት ጊዜ ነገርኩህ! ውኃው አሁንም ሩቅ ነው፣ አንተ ደግሞ ልታርቀው ነው። ምሳህን መሶቡ ውስጥ ትቼልሃለሁ።»

እግሯን እየጎተተች ሄደች።

አፈረ፣ ተናደደ፣ ሆዱ ባባ፤ ሦስቱም ባንድ ላይ መጡበት። ከሁሉም በላይ ግን ተገረመ። ሁለት ጊዜ ከጀርባው ሰልፍ ሲቆም ይህን ድምፅ አልሰማውም። ያን ጊዜ የመጡት የሚሄዱበት ሌላ ቦታ ስላልነበራቸው መሆኑ ገና አሁን ገባው።

«ዙሩ!» አለ መርሻ። ድምፁ እንደቅድሙ አልነበረም።

አበጋዝ ዞረ። ከኋላው ሣር ብቻ ነበር። ጠብመንጃ ያነገቱ ሁለት ሚሊሻዎች ከወዲያ ቆመዋል፤ እነሱም ለጥበቃ እንጂ ለድምፅ አልነበሩም፣ አንደኛው አበጋዝ ሲያየው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። በግራ በኩል ሰልፉ ከቱሳ ጀርባ ተነስቶ መስኩን አቋርጦ፣ የጽሕፈት ቤቱን አጥር ታክኮ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ታጥፎ ይሄዳል። ክርስቲያኑና እስላሙ፣ ቀድሞ የመጣውና ኋላ የሰፈረው፣ በሙግት የተቆራረጡ ጎረቤታሞች ሳይቀሩ ተነካክተው ቆመዋል። ሁሉም ያዩታል። ከዚያ ሁሉ ዓይን የተሰበረ አልነበረም፤ የጠላውም አልነበረም። በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

ቱሳም ሰልፉን ገና አሁን ማየቱ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ የኮቱን እጅጌ ጨምድዶ ይዟል።

መርሻ አበጋዝን በክንዱ ይዞ ወደ ዳር ወሰደው። ወጣት ነው፤ ላብ ግንባሩን አርሶታል።

«ይህ አድማ ነው፣ ጓድ አበጋዝ። አንድም ሰው? አንድም ሰው አይቀርም? የማኅበሩ ቦታ ሜዳው ነው ተብሎ አሰላ ተመዝግቧል። ምን ብዬ ነው የማመለክተው?»

«ያየኸውን።»

«ስማኝ! አንተ ታውቃቸዋለህ። ተደራጅተዋል በለኝ፣ ምርጫውን እሰርዘዋለሁ። ሰውዬው አሁኑኑ ከእኔ ጋር መኪናው ላይ ይወጣል፣ አንተም በቦታህ ትቆያለህ። አንዲት ቃል ብቻ ነው።»

አበጋዝ ያቺን ቃል አፉ ውስጥ አገኛት። ቀላል ነበረች፤ ስምንት ዓመት የያዛትን ወንበር ይዛለች፣ አዳራሹን፣ ጭብጨባውን፣ «ሊቀመንበር» ሲሉት የሚሰማውን ሙቀት ይዛለች። አልፈልጋትም ብሎ ራሱን ማታለል አልቻለም፤ ፈልጓታል። ወደ ሰልፉ አየ። ካድሬው ምን እያለው እንደሆነ የማያውቅ ከሰልፉ አልነበረም፤ ግን አንድም ሰው ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«አድማ ቢሆን እሰማ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፣ ምስጢር አያድርባቸውም። ይሄ ምርጫ ነው።»

«ታዲያ ያንተ ደጋፊ የታለ?»

«የለኝም።»

ከአፉ ሲወጣ ያን ያህል አልከበደውም። መርሻ ክንዱን ለቀቀው። ወደ ቱሳ ዞሮ ሚሊሻዎቹን በእጁ ሊጠራ እንደሆነ አበጋዝ አየና ቃሉ ብቻውን እንደማይበቃ ገባው።

«ቆይ» አለው። «እኔ ድምፅ አልሰጠሁም።»

«ምን?»

«የማኅበሩ አባል ነኝ። አድማ ነው ብለህ የምትጽፍ ከሆነ እኔንም ጨምረህ ጻፈኝ።»

የመርሻ እጅ አየር ላይ ቀረ። አበጋዝ መስኩን አቋርጦ በሰልፉ ጎን ወደ ታች ሄደ። በሣህሌ በኩል አለፈ፣ በቦጋለች በኩል አለፈ፤ ማንንም ቀና ብሎ አላየም፣ ቢያይ ወይ ያለቅሳል ወይ ይሳደባል። ሰው ሁሉ አንገቱን እያዞረ በዓይኑ ተከተለው። ከባሕር ዛፉ ታጥፎ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ አዴ ጠይባ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አዴ ጠይባ» አላት፣ «ከእርስዎ ቀጥሎ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አለና ከኋላዋ ቆመ።