ሰባተኛዋ እጩ

አመለወርቅ ጊቫት ሃሞሬ በሚባል ዳገታማ ሰፈር ብቻዋን የምትኖር፣ አቅመ ደካሞችን ቤት ለቤት እየዞረች የምትንከባከብ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። ልጇ ኦፊር ሩቅ፣ ቤርሼባ ከተማ ስለሚኖር አርብ አርብ ይደውልላታል። ባለፈው ክረምት፣ አውቶቡሱ እንደ እሷ አማርኛ የሚናገሩት የሰፈሩ ሽማግሌዎች እስከሚኖሩበት እስከ ላይኛው መንገድ እንዲወጣ ብላ ሁለት መቶ ፊርማ አሰባሰበች። ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደረው ኤላድ ስሟን የሰማው ያኔ ነው።

«ከእኛ ጋር ግቢ። የእጩዎቻችን ዝርዝር ላይ ሰባተኛ ትሆኛለሽ» አላት። ለሥራ ካልሆነ ማንም ፈልጎ ጠርቷት አያውቅምና እሺ አለች።

ዘመቻውን የምትመራው ኬሬን የምትባል የማስታወቂያ ባለሙያ ነበረች። ቀለሙን ብርቱካናማ፣ መፈክሩን «ቅርብ» የሚል አንድ ቃል ብቻ አድርጋዋለች። አመለወርቅ ፎቶ ልትነሳ በሰማያዊ የሥራ ጋዋኗ ብትመጣ፣ ኬሬን የጥልፍ ቀሚስ አውጥታ አስለበሰቻት። ቀሚሱ የሌላ ሰው ነው፤ ሰፍቷት ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ያዙላት።

«ስለ አውቶቡሱ ምን ልበል?»

«ምንም። ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስታውሰው። አንቺ ፈገግ በዪ፣ ቃሉ ከሥርሽ ይጻፋል።»

በሳምንቱ ምስሏ መሀል ከተማ ፌርማታው ላይ ተለጠፈ። ከሥራ ስትመለስ ከገዛ ፊቷ አጠገብ ቁጭ ብላ አውቶቡስ ትጠብቃለች፤ ዞር ብሎ ከምስሏ ጋር ያስተያያት ሰው ግን አልነበረም። ያወቋት የሰፈሯ ሽማግሌዎች ናቸው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው የላይኛው መንገዱ አባ ፈንቴ ባገኟት ቁጥር «ልጄ፣ አውቶቡሱ መቼ ነው የሚመጣ?» ይሏታል።

ኤላድን ጠየቀችው፤ ወደ ኬሬን መራት። ኬሬን ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል «እሱ መልእክታችን ውስጥ የለም» አለቻት።

ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ሽማግሌዎቹ ማትናስ በሚባለው የሰፈሩ ማኅበረሰብ ማዕከል አዳራሽ ተሰበሰቡ። የዘመቻው ሰዎች ለአመለወርቅ እንድታነበው በአማርኛ የተጻፈ ሦስት መስመር ሰጧት። ቆማ አየችውና አጠፈችው።

«ስለ አውቶቡሱ ጠይቄያቸው ነበር፤ ቃል አልገቡልኝም። እኔ ደግሞ ሰባተኛ ነኝ። ከዝርዝሩ ቢበዛ ሦስት ሰው ነው ምክር ቤት የሚገባላቸው። እነሱን ስትመርጡ እኔን የመረጣችሁ እንዳይመስላችሁ።»

አማርኛ የማይሰማው ኤላድ አጨበጨበ። ሌላ ያጨበጨበ አልነበረም።

አባ ፈንቴ በሩ ላይ ጠበቋት። «ምነው ልጄ? ፊትሽን እዚያ ፌርማታው ላይ ሳየው እኮ እኛም አንድ ሰው አለን እል ነበር።»

«ታዲያ ልዋሽዎ?»

«ብትዋሺኝ ምን ነበረበት» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ።

በነጋታው የዘመቻው ዋትሳፕ ቡድን ውስጥ የለችም፤ ያለችውን ሰው ተርጉሞላቸው አስወጥተዋታል። አርብ ኦፊር ደወለ። «ኢማ፣ ጓደኞቼ ፖስተርሽን አዩት! ኮራሁብሽ!» ደስታውን ላለማጥፋት ወሬውን ወደ እሱ ሥራ መለሰችው።

ኤላድ ሦስት ወንበር አገኘ። ፖስተሮቹ ወረዱ።

ከምርጫው በኋላ አንድ ከሰዓት፣ አባ ፈንቴ ሁለት ፌስታል አንጠልጥለው ዳገቱ መሀል ቆመው ሲያለከልኩ ደረሰችባቸው። ፌስታሎቹን ተቀበለቻቸው። አልከለከሏትም። በየአጥሩ ሥር እያረፉ እስከ ላይኛው መንገድ ወጡ። በራቸው ላይ ዕቃውን ስታስቀምጥ ግቢ ትባል ይሆን ብላ ትንሽ ቆየች።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉና በሩን ዘጉት።

አመለወርቅ ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ሲከፈት ሰማች። ከዚያ ወደ ቤቷ ወረደች።