አምሀ የሚስቅበት ፊልም

«ደም ሲያይ ኖሮ በደም ሄደ» አለች የሟች እህት ፅዮናዊት፣ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ጠጋ ብላ። ያንሾካሾከች መስሏት ነበር፤ መብራት ጠፍቶ የጣሪያው ማራገቢያ ቬንቲላተር ስለቆመ ግን ቤቱ ሙሉ ሰማት።

ውብነሽ ከፍራሹ ላይ ቀና አላለችም። የባሏ የአምሀ ሰልስት ነው። ሶማልኛና ፈረንሳይኛ በሚነገርባት የወደብ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤታቸው በለቀስተኛ ታፍናለች።

እርግጥ ነው፣ አምሀ አንድ ፊልም ይወድ ነበር፤ ጣሊያኖች ድሮ የሠሩት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰው የሚታረድበት። በወጣትነቱ ጣሪያ በሌለው ሲኒማ ቤት አይቶት፣ ኋላ የቪዲዮ ካሴቱን ገዝቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፍተዋል።

«ነይ እንጂ ውቤ፣ አንዴ እንኳ አብረን እንየው» ይላታል።

«በሞቴ ተወኝ!» ትለውና መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። ሳቁ ግን ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። ትዳራቸው እስከ መጨረሻው እንዲህ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የአምሀ የልጅነት ጓደኛ ዘይድ መጣ። በሴቶቹ መሀል አልፎ ውብነሽ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እህቴ፣ አላህ ሰብር ይስጥሽ።»

«አሜን። ዘይድ፣ ያ ፊልም ምኑ ነበር እንደዚያ የሚያስቀው?»

ዘይድ ትንሽ አሰበ። «ሲኒማ ቤት ሰው ሁሉ ሲጮህ እሱ ብድግ ይልና ‹አይዟችሁ፣ ቀለም ነው!› ይላል። በሶማልኛ ይደግመዋል፣ በፈረንሳይኛ ይደግመዋል። ሰው ፍርሃቱን ረስቶ ይስቃል።»

ውብነሽ ከፍራሹ ቀና አለች። በሞተበት ዕለት ጠዋት አምሀ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ ደም ሲያስመልሰው፣ እሷ በሩ ላይ ደርቃ ቀርታ ነበር። ከንፈሩ ቀልቶ ቀና አለ። «አይዞሽ ውቤ፣ ቀለም ነው» አላት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። እስካሁን ሲቃዥ ያለው ይመስላት ነበር።

«አሳየኝ» አለችው።

ዘይድ ስልኩ ላይ ፈልጎ ከፈተላት።

«በለቅሶ ቤት!» አለች ፅዮናዊት።

ፊልሙ ላይ አንዲት ሴት ረጅም ኮሪደር ውስጥ ትሮጣለች። ውብነሽ የሚያስቀው ቦታ እስኪደርስ ጠበቀች። ሴትዮዋ ተያዘች፤ ተወጋች፤ ወደቀች። ምንም።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።» ዘይድ ወደ ስልኩ አጎነበሰ። «እሱ ከሌለ ምንም የለውም።»

እንባው ስልኩ ላይ ጠብ አለ። ውብነሽ በእጅጌዋ ጫፍ ጠረገችለት። እንባው ለቀቀ፤ ከመስታወቱ ሥር ያለው የፊልሙ ቀይ ቀለም ግን መፍሰሱን አልተወም። ደግማ ጠረገችው። ጠበቅ አድርጋ፣ እንደገና።