የመጀመሪያው ሹፌር ጎማ

አባታችን ሲሞት ለሁለት ሊከፈል የማይችል አንድ ነገር ብቻ ትቶልን ሄደ፤ መኪናዋን። ቤቱ የእናታችን ነው፣ ልብሱን ተካፈልን፣ መፍቻዎቹን እኔ ወሰድኩ፣ የሩጫ ሰዓቱን ታናሽ ወንድሜ ወሰደ። መኪናዋ ግን ቀረች። ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ የኋላ ወንበሯ የተነቀለ፣ ከኔ በሁለት ዓመት ብቻ የምታንስ አሮጊት ናት። መንገድ ላይ ብትተዋት የሚያነሳት የለም። ለኛ ግን አባዬ ራሱ ነበረች።

ለአንድ ወር ያህል "አንተ ውሰዳት"፣ "አይ አንተ" ስንባባል ከረምን። ሁለታችንም ከልባችን አልነበረም፤ እናታችን ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም።

"በቃችሁ!" አለች አንድ ቀን ምሳ ላይ። "አባታችሁ በምን ነበር የሚዳኛችሁ?"

በሰዓት ነበር የሚዳኘን። ማን ፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ማን ሳህን ይጠብ፣ ሁሉ ነገር የሚቆረጠው በሩጫ ሰዓት ነው። ካደግን በኋላ ደግሞ እንደሱ መኪና የሚያሳብዳቸው ሰዎች እሁድ እሁድ የሚሰበሰቡበት ውድድር ውስጥ አስገባን። ቦታው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ነው። ብርቱካናማ ኮኖች ይደረደራሉ፣ አንድ መኪና ብቻውን ይገባል፣ በኮኖቹ መሀል ተጠማዞ ተጠማዞ ይወጣል፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ኮን የነካ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ዙር ይነዳል፣ ከሦስቱ ፈጣኑ ይያዝለታል።

"የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ላይ የፈጠነው ይውሰዳት፣ የዘገየው ይመርቅለት" አለች እናቴ። ወንድሜ እሺ አለ። እኔም እሺ አልኩ፤ ግን በስድስት ዓመት ውስጥ ወንድሜን አንድም ቀን ቀድሜው አላውቅም።

ወንድሜን ሁሉም ሰው "ቅቤው" ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት አባዬ ነው። "እጁ ቅቤ ነው፣ መሪውን የነካው እኮ አይመስልም" እያለ በሰው ፊት ያሞግሰዋል። ስለኔ የጠየቀው ሲኖር ደግሞ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ "ይሄኛው ደግሞ ጎማ ያውቃል" ይላል። ጎማ ያውቃል! ሰው ልጁን እንዲህ ብሎ ያሞግሳል? ጎሚስታ ነኝ። አስራ ስምንት ዓመት ጎማ ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ፣ የጣቶቼ መስመር ውስጥ የገባው ጥቁረት በምንም ሳሙና አይለቅም። ጎማ ባላውቅ ነበር የሚገርመው።

አባዬ ያላየው፣ ወይም ሊያየው ያልፈለገው ነገር ግን ነበር። ሁለት ሰው በአንድ መኪና ሲወዳደር አንደኛው ሦስቱንም ዙር ጨርሶ ሲወርድ ነው ሌላው የሚገባው። አባዬ ደግሞ "ታላቅ ይቅደም" ብሎ ደንግጓል። ስለዚህ ሁሌ በቀዝቃዛ ጎማ የምገባው እኔ ነኝ። ቀዝቃዛ ጎማ አስፋልቱን አይጨብጥም። እየተንሸራተትኩ፣ እየተሳደብኩ አሞቀዋለሁ፤ ልክ መያዝ ሲጀምር የኔ ዙር ያልቃል። ከዚያ ቅቤው በሞቀ ጎማ ይገባና ይጨበጨብለታል። ስድስት ዓመት ሙሉ የወንድሜ ምድጃ ሆኜ ኖርኩ።

ይህን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ብናገር "ተሸንፎ ሰበብ ፈለገ" ከማለት በቀር ማን ይሰማኛል?

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወንድሜ ሱቄ መጣ። መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው፤ ነጭ ጋወኑን እንኳ አላወለቀም። ዘይት እንዳይነካው እጆቹን ወደ ደረቱ ሰብስቦ በሩ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ጎማውን አንተ ምረጥ" አለኝ። "ያለፈው ዓመት ዓይነት ይሁን ካልክም ይሁን፣ ሌላ ይሻላል ካልክም እንዳልክ።"

"ለመኪናዋ እየተወዳደርን? ታምነኛለህ?"

"በጎማ ነገር አንተን ያላመንኩ ማንን ልመን?" ብሎ ሳቀና ሄደ።

ሁለት አማራጭ ነበረኝ። ያለፈው ዓመቱ ጎማ ጠንከር ያለ ነው። ለመሞቅ ይዘገያል፣ አንዴ ከሞቀ ግን ቀኑን ሙሉ አይለወጥም። ሌላኛው ለስላሳው ነው፤ ጥፍርህን ብትጭንበት ምልክቱ ይቀራል። ይሄ ሙቀት አይጠብቅም፣ ከመጀመሪያዋ ሜትር ጀምሮ መሬቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ችግሩ ሙቀት አለመቻሉ ነው። በጋለ አስፋልት ላይ ሦስት ዙር ከሄደ በኋላ ላዩ ይላላና ሳሙና ይሆናል። መፍትሔው በየዙሩ መሀል ውሃ እየረጩ ማቀዝቀዝ ነው፤ ለዚህ የምጠቀምበት የአትክልት ውሃ መርጫ አለኝ።

ለስላሳውን አዘዝኩ። የማደርገውን አሳምሬ አውቅ ነበር። ሦስት ጥሩ ዙር ለኔ፣ ሦስት የሳሙና ዙር ለሱ። ሰረቅሁ ብዬ አላሰብኩም፤ የተሰረቅሁትን የማስመልስ ነው የመሰለኝ። ቅዳሜ አራቱንም እያፏጨሁ ገጠምኳቸው፣ ነፋሳቸውን አንድ በአንድ ለካሁ። ውሃ መርጫውን አየሁትና ከመደርደሪያው ሥር ገፋ አድርጌ ተውኩት።

እሁድ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ደስ አለኝ። አራት ሰዓት ሲሆን የአስፋልቱ ግለት በጫማ ውስጥ ይሰማል። እናታችን ጃንጥላዋን ዘርግታ አጥሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሄልሜቴን ይዤ ወደ መኪናዋ ስራመድ የውድድሩን ሰዓት የሚይዙት ሰውዬ በድምፅ ማጉያ ተጣሩ። ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፣ ሰውን ሁሉ እንደ ተማሪ ነው የሚጠሩት።

"ቀይዋ መኪና! ቅቤው፣ ግባ!"

ወደ ጠረጴዛቸው ሮጥኩ። "ጋሼ፣ ተሳስተዋል፣ አንደኛ እኔ ነኝ።"

"ወረቀቴ ላይ እሱ ነው። ጠዋት መጥቶ ራሱ አስለወጠኝ። ምነው፣ ወንድማማች አትነጋገሩም እንዴ?"

ዞር ስል ወንድሜ አጠገቤ ቆሟል። ፈገግ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ፤ ልክ እንደ አባዬ።

"ዛሬ ሁለተኛው አንተ ነህ ጋሼ" አለኝ። "ስድስት ዓመት ያሸነፍኩህ ጎማ እያሞቅህልኝ ነው። አውቃለሁ እኮ። ለአባዬ ልነግረው ስንቴ አፌ ላይ መጣ መሰለህ። ግን እንደዚያ ሲያሞግሰኝ ደስ ይለኝ ስለነበር ዋጥኩት። ይቅር በለኝ። ዛሬ ሙቀቱ ያንተ ነው።"

ይህችን ቃል ለመስማት ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ። በሌላ በየትኛውም እሁድ ቢነግረኝ ኖሮ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቅስ ነበር።

"አይሆንም" አልኩት። "አባዬ ታላቅ ይቅደም ብሏል።"

"አባዬ ተሳስቷል።"

"ግድ የለም፣ እኔ ልቅደም።"

"ኧረ ጋሼ፣ አትግደርደር!"

ምን ልበለው? ጎማውን የመረጥኩት አንተን ላንሸራትትበት ነው ልበለው? ከነሄልሜቴ እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ። እሱ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ጎማው ልክ እንዳሰብኩት ሠራ። መኪናዋ ኮኖቹን ትንሽ ትንሽ ለቅቃ፣ አንድም ሳትነካ፣ ምንም ሳትንሸራተት አለፈች። አርባ ሁለት ሰከንድ ከሦስት። ቀጥሎ አርባ አንድ ከስድስት። ሦስተኛው አርባ አንድ ከአንድ። ከዚህ የተሻለ ጎማ ለዚያ ቀንና ለዚያ አስፋልት የሚመርጥ ሰው አልነበረም። እናታችን ጃንጥላዋን ወደላይ እያነሳች አጨበጨበች።

ወንድሜ ላቡን እየጠረገ ወረደ። "ምን ዓይነት ጉድ ነው ያመጣኸው! ገና ከመጀመሪያው ይይዛል! መርጫው የታለ? ላቀዝቅዝልህ።"

"ረሳሁት።"

"አንተ? አንተ ረሳህ?" አለና መልስ ሳይጠብቅ ወደ እናታችን ሮጠ። የመጠጥ ውሃዋን ጠርሙስ ተቀብሏት መጣና በርከክ ብሎ ለአራቱም ጎማ እኩል እኩል አከፋፈለው። ጉንጭ ታህል ውሃ ናት፤ ሳይነሳ ደረቀች። "በርታ" አለኝ ባዶውን ጠርሙስ እንደያዘ።

በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የኋላ እግሯ አመለጠኝ። አርባ ሦስት ሰከንድ ከአራት። በሁለተኛው ዙር ኮን ገጨሁ። ሦስተኛው ላይ ጥርሴን ነክሼ ነዳጁን ረገጥኩት፤ መሪውን ባዞረው ባዞረው መኪናዋ የራሷን መንገድ ይዛ ሄደች፣ ክብ ዞረች፣ ፊቷን ወደመጣሁበት አድርጋ ኮኖች መሀል ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ስወርድ ወንድሜ የፊት ጎማው ጋ ቁጢጥ ብሏል። መዳፉን ጎማው ላይ አሳርፎ ሲያነሳው ጥቁሩ ጣቶቹ ላይ ተጣብቆ መጣ። እሱም የአባዬ ልጅ ነው፤ ትንሽ ትንሽ ያውቃል። ጎማውን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ ቆሜ አየሁት።

"መርጫውን አልረሳኸውም" አለ። "ይሄ ጎማ ለመጀመሪያው ሹፌር ነው የተመረጠው።"

ሄልሜቴን አውልቄ ጣሪያዋ ላይ አስቀመጥኩት።

እናታችን ጃንጥላዋን እያወዛወዘች ደረሰች። "በቃ፣ አለቀ አይደል? እሰይ! በሉ ተቃቀፉልኝ!" አለች። እሷ እያየችን ስለነበር ተቃቀፍን። የእጁ ጥቁረት ሸሚዜ ላይ ሲለጠፍ ተሰማኝ። ጆሮዬ ሥር፣ እሷ በማትሰማው ድምፅ፣ "ብትለምነኝ እኮ እሰጥህ ነበር" አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የቀይዋን መኪና ድምፅ ከሩቅ ሰማሁ። ለስላሳው ጎማ ለዕለት መንገድ አይሆንም፣ መቀየር አለበት፤ ይህን እሱም ያውቃል። የድሮዎቹን ጎማዎች ከጓዳ አውጥቼ ግድግዳው ላይ ደርድሬያቸዋለሁ፣ ክሪኩንም በር ላይ አስቀምጫለሁ። ከእሁድ ማታ ጀምሮ የምለውን ቃል ሳዘጋጅ ነበር። ጨርቄን ጥዬ ወጣሁና ደጃፌ ላይ ቆምኩ።

ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። ታች መስቀለኛው መንገድ ጋ ወዳለው ጎሚስታ በር ሲታጠፍ አየሁት። ያ ሰውዬ ደግሞ ጎማ አያውቅም።