የቆጣሪው በር ላይ ያለው ወረቀት

ጣቢታ ሳምንቱን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ነው የሠራችው። የተናደደችው በኦቦ ሌንጂሳ፣ በጥበቃው ሽማግሌ ነው። አምቦ ዳር ያለው ማሠልጠኛ ስምንት ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ ስምንቱም ባለፈው ሳምንት በአንድ ደቂቃ ሞቱ። የክፍሉ ኃላፊ ቱፋ የሁሉንም ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበውን ፕሮግራም፣ በአዲስ ልቀይር ብሎ አስጀመረና ክፍሉን ቆልፎ ምሳውን ሊበላ ወጣ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ኦቦ ሌንጂሳ ቆጣሪውን አወረዱት፤ መብራቱ ጠፋ። በግማሽ የቀረ ባዮስ ዋጋ የለውም። ከዚያ ወዲህ ስምንቱም ሲበሩ ማራገቢያቸው ይጮኻል፣ ስክሪናቸው ግን ጨለማ ነው።

ቱፋ በማግስቱ ጉዳዩን ሊያይ የተቀመጠውን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ በእጁ ጻፈ፤ ጥበቃው በቸልተኝነት የመንግሥት ንብረት አበላሹ የሚል ነው። ጣቢታ የጥገና ባለሙያ ናትና አንቺም ፈርሚ ተባለች። ፈረመች። ቅር እንኳ አላላትም።

ከዚያ ሙታኑን ማስነሣት የእሷ ዕዳ ሆነ። ደግነቱ መጋዘን ውስጥ ማንም ያልነካው ዘጠነኛ ኮምፒውተር ነበር፣ ለስምንቱ መንታ የሆነ። የእሱን ባዮስ ገልብጣ በሞቱት ላይ ልትጽፍ አሰበች። ባዮሱ ያለበትን ቺፕ በስምንት እግሩ ነክሶ የሚይዝ መቆንጠጫ ያለው መሣሪያ ከአንድ ሞባይል ጠጋኝ ተዋሰች። መሣሪያውን የሚያዘው ፕሮግራም ግን በላፕቶፗ ላይ አልሠራም አለ፤ ላፕቶፑ ከአንዳንዶቹ ሠልጣኞች ዕድሜ አይተናነስም። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ከተጻፈበት ጥሬ ጽሑፍ፣ ራሷ መገንባት ነበረባት። አንዱን ስትገነባ ሌላው ጎደለ ይላል፣ ያን ስታመጣ ሦስተኛው። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የጀመረው ግንባታ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ስክሪኑ ድርግም አለ። ሰዓቷን አየች፤ ስድስት ሰዓት፣ ሌላ ቀን ላፕቶፑን ዘግታ ምሳ የምትወጣበት። ደሟ ፈላ። ወንበሩን ገፍትራ ወደ ግቢው በር ሮጠች፤ ኦቦ ሌንጂሳ የቆጣሪውን ሳጥን እየዘጉ ነበር።

"ስምንቱ አልበቃዎትም?" አለቻቸው። "ዛሬ ደግሞ የእኔን?"

ሽማግሌው አልተቆጡም። በዱላቸው የቆጣሪውን በር አሳዩአት። ፀሐይ ያገረጣው ወረቀት ተለጥፎበታል። የመብራት መዋዠቅ ዕቃ ስለሚያቃጥል ጥበቃ በየቀኑ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ቆጣሪውን እንዲያወርድ፣ ካላወረደ እንደሚጠየቅ ይላል። ከሥሩ ማኅተም አለ። ከማኅተሙ ጎን ደግሞ ጅራቱ የረዘመ ፊርማ፣ የቱፋ ፊርማ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። ያነበበልኝ ራሱ ቱፋ ነው" አሉ።

ታዲያ ይህን ለምን አልተናገሩም ብትላቸው ትከሻቸውን ሰበቁ።

"ማን ጠየቀኝ?"

ጣቢታ በዚያ በር በየቀኑ ታልፋለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው፤ በዳውላው ላይ ዱላ ካነሡት አንዷም እሷ ነበረች። ንዴቷ አልበረደም፣ አድራሻው ብቻ ተለወጠ። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ ብላ ቆጣሪውን አስነሣቻቸውና ሥራውን ከዜሮ ጀመረች።

ግንባታው አሥር ሰዓት ላይ አለቀ። የመንታውን ባዮስ ሁለት ጊዜ አንብባ ቅጂዎቹ አንድ መሆናቸውን አረጋገጠች፤ ከዚያ ከስምንቱ አንዱ በሆነው በጸሐፊዋ በቤርሳቤህ ኮምፒውተር ላይ ጻፈችው። ስክሪኑ በራ። ቤርሳቤህ አጨበጨበች፤ ቱፋም ሰምቶ መጣና አበጀሽ እያለ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። ወዲያው ወደ ቤርሳቤህ ዞሮ ደብዳቤ ማስጻፍ ጀመረ። ጣቢታ መቆንጠጫውን እየጠቀለለች ሰማችው። ጉዳዩ፣ ኦቦ ሌንጂሳን ከሥራ ስለማሰናበት ነው።

ሳምንት ሙሉ የለፋችው ለዚህ ነበር። ያስነሣችው ኮምፒውተር የመጀመሪያ ሥራው ሽማግሌውን ከእንጀራቸው ማፈናቀል ሆነ፣ በእሷው እጅ።

ወጥታ የቆጣሪውን ወረቀት በጠመንጃ መፍቻ ፍቃ አነሣችው፤ አንድ ጥጉ በሩ ላይ ቀረ። ወደ ዳይሬክተሯ ወደ ወይዘሮ ሮዛ ቢሮ ስትገባ ቱፋ ደብዳቤውን ሊያስፈርም ቀድሟት ቆሟል። ወረቀቱን ከደብዳቤው ላይ አኖረችው።

"ቃለ ጉባኤው ላይ የእኔ ፊርማ አለ፤ የእኔን ይሰርዙልኝ" አለች። "እዚህ ላይ ያለው ደግሞ የእሱ ነው። ሰውዬው ያጠፉት የታዘዙትን መፈጸማቸው ነው።"

ቱፋ ያ መመሪያ የቆየ ነው አለ። ወይዘሮ ሮዛ ታዲያ ማን ሻረው ብለው ጠየቁት። ደብዳቤው ሳይፈረም መሳቢያ ገባ፤ ኮሚቴው ሰኞ እንደገና እንዲቀመጥ ታዘዘ። ጣቢታ ግን እፎይ አላለችም፤ በቱፋ እንደበገነች፣ በራሷም እንደበገነች አደረች።

አርብ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ይዛ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ሌንጂሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

"ኢንታላ ኮ፣ ስድስት ሰዓት ሆኗል" አሉ። "ላውርደው ወይስ ሥራሽን እስክትጨርሺ ልቆይ?"

ጣቢታ ቃለ ጉባኤውን ከመፈረሟ በፊት አንዲት ጥያቄ እንኳ እንዳልጠየቀቻቸው ትዝ አላትና ቀና ብላ ልታያቸው አቃታት።