ዘመዳሞች ናቸው

ቃልአብ የማናውቀውን ልጅ ሁለት የፊት ጥርስ ሰበረ፤ ፊልሙ ገና ግማሽ እንኳ አልደረሰም ነበር። የልጁ ጥፋት ለእናቱ መተርጎሙ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ቦሌ፣ አንድ የገበያ ሕንፃ ላይ ያለ ሲኒማ ቤት። እኔ ሲኒማ የምወደው ለጨለማው ነው። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከእናቴና ከእህቶቼ ጋር ነው። እዚያ ብቻዬን የምቀመጥበት ቦታ መጸዳጃ ቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም ይንኳኳል። ሲኒማ ቤት ግን ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ወንበሩ ቢጎረብጥም፣ ፈንድሻው ቢቀዘቅዝም፣ ከፊቴ ያለው ሰውዬ በስልክ መኪና ቢያሻሽጥም ችዬ እቀመጣለሁ። ቃልአብ አይችልም። እጮኛዬ ነው፤ ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። ማን እንዳወራ፣ ማን እግሩን ወንበር ላይ እንደሰቀለ ሲከታተል ፊልሙ ያልቅበታል።

ከኋላችን የተቀመጡት ኑሪና እናቱ ወይዘሮ ሐሊማ ነበሩ። ስማቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የማውቀው ሹክሹክታቸውን ብቻ ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፣ እናትየው እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ልጁ ይነግራቸዋል።

"ይሄ ፖሊስ ነው?"

"ፖሊስ ነበር እማ። ተባሯል።"

"ምን አድርጎ?"

"አለቃውን መትቶ።"

"ደግ አደረገ።"

ቃልአብ ዞረ። "ወንድሜ፣ ቤትህ አይደለህም" አለው።

"ይቅርታ፣ ወንድሜ" አለ ልጁ፤ ድምፁንም ቀነሰ። በጣም ስለቀነሰ ለመስማት ወደ ኋላ መደገፍ ነበረብኝ። ትርጉሙ ከፊልሙ ይሻል ነበር። ሰዎቹ የሰማይ የምድሩን ሲሰዳደቡ "ተቆጣው" ይላል። ውስኪ ሲቀዱ "ሻይ ነው" ይላል።

"ይሄን ሁሉ ሻይ?" ይላሉ እናትየው።

"ብርድ ነው እማ፣ አገሩ።"

ከዚያ የተባረረው ፖሊስና አንዲት ሴት ዝናብ ላይ ቆመው መሳሳም ጀመሩ። ቶሎ የሚያልቅ አልነበረም።

"እነዚህስ ምንድን ናቸው?" አሉ እናትየው።

"ዘመዳሞች ናቸው። ከተያዩ ቆይተዋል።"

ሳቄ አመለጠኝ። ከኋላዬ ልጁም ሳቀ።

ቃልአብ አየኝ። "ከእሱ ጋር ነው የምትስቂው?"

"ተወው፣ ፊልሙን እይ።"

አልተወውም። ተነስቶ ወንበሩ ላይ ተንጠለጠለና የልጁን ኮሌታ በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኛ ሳበው። የልጁን አፍ ከእኔ ወንበር ጀርባ ጋር አጋጨው። የወንበሩ ጠርዝ ብረት ነው። ፊልም ውስጥ ሰው ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ውሸት ነው፤ እውነተኛው ትንሽ ነው፣ ደረቅ ብስኩት ሲሰበር እንደሚሰማው። ቃልአብ ቀና አደረገውና ደገመው። ሊሠልስ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ሳያየኝ ክርኑን ወደ ኋላ ወረወረ፤ ጉንጬን አገኘው፣ ስክሪኑም ለአፍታ ሁለት ሆነብኝ።

ወይዘሮ ሐሊማ ጫማቸውን አውልቀው የቃልአብን አናት ይመቱ ጀመር። አልጮሁም፤ ምንጣፍ እንደሚያራግፍ ሰው ዝም ብለው ይመታሉ። ከፊት ያለ አንድ ሰው "ቁጭ በሉ እንጂ፣ ከፍለን ነው የገባነው" አለ። ሌላው "ውጭ ወጥታችሁ ተጋደሉ" አለ። መብራት ሲበራ ጭኔ ላይ ያለው ፈንድሻ በደም ርሷል፤ መሃሉ ላይ አንድ ጥርስ ነበር። እሱም ነጭ ስለሆነ ቶሎ አልለየሁትም።

ወይዘሮ ሐሊማ ለፖሊስ አመለከቱ። ክሱ ሳይገፋ ይታረቁ ተባለና ሽምግልና ተያዘ። ሽማግሌው ጋሽ ግርማይ ናቸው፤ የቃልአብ አባት ጓደኛ፣ የወይዘሮ ሐሊማም ሱቅ የቆየ ደንበኛ። ቤታቸው ጎሮ ነው።

ቃልአብ በመኪናው ሊወስደኝ መጣ። መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም ጉንጬን አየው። አብጦ ጠቁሯል።

"እሱ ነው የመታኝ በይ" አለኝ።

"ማን?"

"ልጁ። መጀመሪያ አንቺን መታ፣ እኔ ደግሞ አላስችል አለኝ። ተካክሷል ይሉና ያልቃል።"

"ክርንህ ነው።"

"ክርኔ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሉላ። እንደዚያ ካልሽ ግን እታሰራለሁ፣ ሰርጉም ይቀራል። እሱን ነው የምትፈልጊው?"

መሪውን በያዘው እጁ ላይ የወንበሩ ብረት የቧጨረው ቦታ ገና አልደረቀም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሺ ያልኩ መሰለውና ሬዲዮ ከፈተ።

ኑሪ በጋሽ ግርማይ ሳሎን ውስጥ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጧል። ከንፈሩ ተሰፍቷል፤ ሲናገር ትንፋሹ በጥርሱ ክፍተት ያፏጫል። መጀመሪያ የተናገረው ቃልአብ ነው። ጥሩ አድርጎ ተናገረ። እጮኛው ስትመታ ቆሞ የሚያይ ወንድ እንዳልሆነ ነገራቸው፤ ጉንጬንም በጣቱ አሳያቸው።

"እኔ?" አለ ኑሪ። "እኔ እኮ መልኳን እንኳ አላየሁም። ጨለማ ነው።"

"ውሸታም። ለእናትህ ስትዋሽ በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። ሲሳሳሙ ዘመዳሞች ናቸው ያልካቸው አንተ አይደለህም?"

ኑሪ አንገቱን ደፋ። ጥርሱ ሲወልቅ ያላፈረ ልጅ እዚያ ላይ አፈረ።

ወይዘሮ ሐሊማ ሻሻቸውን አስተካከሉ። "እንዳልሆኑ አውቃለሁ" አሉ። "አምስት ልጅ ወልጃለሁ፤ የዘመድ ሰላምታ አይጠፋኝም። ምን ሊለኝ ነው ብዬ ነው የጠየቅሁት።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺንም ያሳቀሽ እሱ ነው አይደል?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ሉላ ልጄ" አሉ ጋሽ ግርማይ፣ "ማን ነው የመታሽ?"

ቃልአብ ትከሻዬ ላይ እጁን አሳረፈ። ከውጭ ለሚያይ ማጽናናት ይመስላል። አውራ ጣቱ ግን ከአንገቴ ሥር ገብቶ አጥንቴን ይጫናል።

"ቃልአብ" አልኩ። "በክርኑ። ኑሪ ማንንም አልነካም። አፉ የእኔ ወንበር ላይ ነበር፤ መቼ ብሎ ይመታኛል?"

ቃልአብ ጠረጴዛውን በእርግጫ ገለበጠው። ብርጭቆዎቹ ግድግዳው ላይ ተከሰከሱ፤ ኑሪ በሁለት እጁ አፉን ሸፈነ። ቃልአብ ግን ወደ እሱ አልሄደም። ጸጉሬን ከሥሩ ጨብጦ ወደ ስብርባሪው ደፋኝ። ጋሽ ግርማይ በከዘራቸው ክንዱን መቱት፤ አልለቀቀም። ሌላ የምደርስበት ነገር ስላልነበረ እጁን ነከስኩት። የሰው ቆዳ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። አፌ ጨው ጨው እስኪል ነከስኩ፤ ያን ጊዜ ለቀቀኝ።

"አያችሁ ያደረገችኝን?" አለ። እጁን ለሁሉም አሳየ። ማንም አላየለትም።

"ተቀመጪ ልጄ" አሉ ጋሽ ግርማይ። "እርቁ አላለቀም።"

"የእኔ አልቋል፣ ጋሼ። ለፖሊስም የምናገረው ይሄንኑ ነው።"

ወይዘሮ ሐሊማ ከቦርሳቸው ሶፍት አውጥተው ሰጡኝ። አፌን ጠረግሁ። ቃልአብ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እጁን ያቅፋል።

"ለሰዉ ምን ልትዪ ነው?" አለኝ።

"ያየሁትን።"

ጫማዬን አደረግሁ። የጋሽ ግርማይ በር ከባድ ብረት ነው፤ በአንድ እጅ አይገጥምም። ውጭ ቆሜ በሁለት እጄ ስቤ ዘጋሁት።