ከምልክቱ በስተጀርባ ያለው ምንጭ

በቴትስ ቁልቁለት መንገድ ዳር የቆመውን የብረት ምልክት እንጨት የጫነ መኪና ገጭቶ ጣለው። የመንገድ ሥራ ሰዎች አዲስ ምሰሶ ይዘው ሲመጡ፣ ከመትከላቸው በፊት የአውራጃው የታሪክ ማኅበር ሊቀ መንበር ትጠራልን አሉ። ሊቀ መንበሯ ዴልፊያ ሩክማን ናት። ከቀሩት አባላት አንዷ ጆሮዋ አይሰማም፣ ሌላው ልጁ ዘንድ ፍሎሪዳ ከገባ ቆይቷል። ስለዚህ ማኅበሩ ማለት ዴልፊያ ነበረች፤ እሷም ይህን ትወደዋለች።

ምልክቱ ሣር ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ፊደሎቹን ለማንበብ መነጽር አላስፈለጋትም፣ በቃሏ ታውቃቸዋለች። «የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በድርቁ ዘመን ሕይወታቸውን ያተረፈውን ውሃ ያገኙት ከዚህ ምልክት በስተጀርባ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው።»

በየዓመቱ በነሐሴ አጋማሽ እሁድ፣ ለሥራ ብለው ወደየከተማው የተበተኑት ሁሉ ወዳገራቸው ይመለሳሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ የድንች ሰላጣ፣ የኮክ ፓይ ይበላል። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተከታትሎ ወደ ምንጩ ይወርድና በአንድ የቆርቆሮ ኩባያ በየተራ ይጠጣል። አንድ ጎረምሳ እሱ ሳይጠጣ ኩባያውን አስቀድሞ ለአንዲት ልጅ ከሰጣት ምን ማለቱ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሟቹ ባሏ ኦሪን ዴልፊያን ለጋብቻ የጠየቃት እንደዚያ ነው፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ በቴትሶች የግጦሽ መሬት ላይ። ኦሪን ከሞተ ወዲህ ሲከፋት የምትሄደው ወደ መቃብሩ ሳይሆን ወደዚያ ምንጭ ነው።

ይህን ምንጭ የማይቀበል ሰው በሕይወቷ አንድ ብቻ ነበር፣ አያቷ ሎሬና። ሎሬና ከመንገዱ ማዶ ባለው እርሻዋ ኖራ እዚያው የሞተች፣ ጠመንጃዋን ከበሯ ጀርባ የማታነሳ ሴት ነበረች። «ምንጩ በእኔ በኩል ነው፣ ዐይኔን ግንባር ያድርገው» እያለች ከሰው ጋር ስትሟገት ኖረች። ሰሚ ግን አላገኘችም። የዚያ አውራጃ ሰው ሰባኪውንም ሐኪሙንም ይጠራጠራል፤ በብረት ላይ የተጻፈን ነገር ግን አይጠራጠርም። ዴልፊያም አሮጊቷ ኦሪንን ስለማትወድ ነው ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለቻት። አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ያደገችው ኦሃዮ ስለነበር፣ ድሮ ወደ ምንጩ የሚያወርደውን መንገድ አታውቀውም።

የሠራተኞቹ አለቃ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ሚስ ዴልፊያ፣ በየትኛው በኩል እንትከልልዎ?» አላት።

«በነበረበት ነዋ።»

ቨርሊን ቴትስ አጥሩን ተደግፎ ያይ ነበር። የግጦሹ ባለቤት እሱ ነው፤ የኦሪንም የልብ ጓደኛ ነበር። «ቆዪ እስቲ ዴልፊያ» አለ። «የማጫውትሽ ነገር አለኝ። ሙት ወቃሽ አትበይኝ እንጂ።»

ወደ ጎን ወስዶ ነገራት። መንገዱ የሰፋ ዓመት ነው። ኮረብታው ተቆርጦ፣ የድሮው የእግር መንገድ በአፈር ተሞልቶ፣ ያገሩ መልክ ተለዋውጦ ነበር። ምልክቱም ተነቅሎ እንደዛሬው ሣር ላይ ተጋድሟል። ኦሪን እዚያ የቀን ሠራተኛ ነው። የኦሪን አባት ለሎሬና ዕውር በቅሎ ሸጦላት ስለነበር፣ የእሱ ዘር መሬቴን ከረገጠ እተኩሳለሁ ብላ ምላለች። ምንጩ ያለው ደግሞ እሷ መሬት ላይ ነው። ነሐሴ ደርሷል፣ ኦሪን ኩባያ ሊሰጣት የሚፈልጋት ልጅ አለች፣ መውረጃ ግን የለውም።

«ስለዚህ ምልክቱን ወደ እኛ በኩል ተከለው» አለ ቨርሊን። «በስተጀርባው ያለው የእኛ ግጦሽ ሆነ። ሰው ግልብጥ ብሎ ሲመጣ ጊዜ አባቴ ምን ያድርግ? ላሞቹ የሚጠጡበትን ጉድጓድ ጠርጎ ድንጋይ ደረደረበት።»

ዴልፊያ ፊቷ ቀላ። «ይሄን ሁሉ ዘመን የላም ውሃ ስታጠጡን!»

«ንጹሕ ነው እኮ። ለአንድ እሁድ ብቻ ነው፣ ሰኞ እመልሰዋለሁ ብሎ ዝም እንድል አስምሎኝ ነበር። እሁድ አንቺ እሺ አልሽው። ከዚያ ወዲያ ስለ ብረት ማን ያስብ?»

መሳቅም ማልቀስም አማራት። የዚያን ቀን ኦሪን የኩባያውን ውሃ ግማሹን እንዳፈሰሰው ትዝ አላት፤ ፍርሃት መስሏት ነበር። ለካ ልጁ የገለበጠውን የአውራጃ ታሪክ በነፍሱ ተሸክሞ ኖሯል! ወዲያው ግን አያቷ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባትና ሳቁ ጠፋ።

«አያቴ ማን እንዳዞረው ሳታውቅ ሞተች?»

ቨርሊን መለሰላት። «በመስኮቷ አይታዋለች። በማግስቱ አባቴ ዘንድ መጥታ፣ ሰኞ ካልመለሰው እኔ እመልሰዋለሁ ብላ ፎክራ ነበር። ልትናገር ስትነሳ አንቺ ታጨሽ። ምንጩ በእኔ በኩል ነው ማለቱን አልተወችም። የእሱን ስም ግን አንድም ቀን አላነሳችም።»

ዴልፊያ መንገዱን አሻግራ የአያቷን ኮረብታ ስታይ ቆየች። እሾህና ቁጥቋጦ ውጦታል። እዚህ ቢተከል የኦሪን ቦታ እንዳለ ይኖራል። እዚያ ቢሻገር የሷና የኦሪን ምንጭ ተመልሶ የላም ውሃ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይሄኛው ሲጠራ ግን እሷን ለሁለት ከፈላት።

«አሻግሩት» አለች ለአለቃው። «በማዶ በኩል ትከሉት።»

እሁድ ሰዉ አጉረመረመ። ቨርሊን ቁጥቋጦውን መንጥሮ መንገድ አውጥቶ ነበርና እያጉረመረሙም ወረዱ። ውሃው እዚያው ነበር፣ ከድንጋይ ሥር እየፈለቀ፣ ከላሞቹ ምንጭ ይልቅ የቀዘቀዘ። ዴልፊያ ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ በቅሎዋንም፣ ምልክቱንም፣ አያቷ ትክክል እንደነበረችም። የኦሪን ነገር ላይ ስትደርስ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ከዚያ እንደ ሊቀ መንበርነቷ ኩባያውን አስቀድማ ሞላች። አልጠጣችም። ዘንበል አድርጋ የአያቷ መሬት ላይ አፈሰሰችው።

«ይኸው ኦሪን፣ ግባ ተብለሃል» አለች። ከዚያ እንደገና ቀድታ ጠጣች።