«ፍቀድ» ያለው እጅ

ሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ጋሽ ቁልፉ» ይሉታል። የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ያገኘውን ሁሉ ስለሚቆልፍ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ናቸው ስሙን ያወጡለት። ሰባት ወር ሙሉ ሠላሳ አንዱን ኮምፒውተር እንደ አዲስ ሲያዋቅር ከረመ። እያንዳንዱ ፕሮግራም በየራሱ አጥር ውስጥ ይሠራል፤ ከአጥሩ ሊወጣ ሲል «ልፍቀድ ወይስ ልከልክል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የሚመልሰው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ነርሷ ውጤት ልታትም ስትል ጥያቄ ይመጣል። ፋርማሲው ፋይል ሲልክም እንዲሁ። በቀን ሦስት መቶ ጊዜ። በአንድ እጁ ምሳውን እየበላ በሌላው «ፍቀድ»ን ይጫናል። ረዳት እንዲቀጠርለት ሦስት ጊዜ ጻፈ። ዳይሬክተሩ፣ ደህንነቱ አስተማማኝ ከሆነ ረዳት ለምን ያስፈልጋል አለው።

ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር የቀራት የመዝገብ ቤቷ እትዬ ግን ገና ድሮ ነግራዋለች።

«በሩን ሁሉ ዘግተህ ራስህን ዘበኛ አደረግህ። ዘበኛ ደግሞ ይደክመዋል፣ ልጄ።»

እሱም ሥርዓቱን እያሻሻልኩት ነው ብሎ አለፈ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የላቦራቶሪው ውጤቶች አንከፈትም አሉ። ሰርጎ የገባ ፕሮግራም ሁሉንም ቆልፏቸዋል። መጠባበቂያው ቅጂ ከተወሰደ ሁለት ሳምንት ስላለፈው፣ ከዚያ ወዲህ ለምርመራ ደም የሰጡ ሁሉ እንደገና በስልክ ተጠሩ።

ጣት የተቀሰረው ወደ እትዬ ነው። የይለፍ ቃሏን በወረቀት ጽፋ ኪቦርዷ ሥር እንደምታስቀምጥ አገር ያውቃል። ዳይሬክተሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማዘጋጀት ጀመረ። እሷም መነጽሯን አውልቃ ስትጠርግ ቆየች።

ጋሽ ቁልፉ ጥያቄና መልሱ ሁሉ የሚመዘገብበትን የሥርዓቱን መዝገብ ከፈተ። የማተሚያ ማሽን ማሻሻያ መስሎ የቀረበ አንድ ፕሮግራም ፈቃድ ጠይቋል። መልሱ «ፍቀድ» ነው። የፈቀደውም እሱ ራሱ። በዚያች ሰዓት ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ፈቅዷል። ይቺኛዋን ለማስታወስ ሞከረ፤ ምንም ትዝ አላለውም።

ያንን መዝገብ ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው በግቢው አልነበረም። ስክሪኑን አጥፍቶ ተቀመጠ። የምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሥቶ ወደ ላቦራቶሪው ኮሪደር ወጣ። ባለሙያዋ የአንዲት አሮጊት ደም ሥር ጠፍቶባት ለሦስተኛ ጊዜ ትወጋለች።

«ያለፈው ጠፋ አሉኝ» አሉት አሮጊቷ ባጁን አይተው። «ደም እንዴት ይጠፋል፣ ልጄ?»

«ደሙ አይደለም፣ እማማ። ውጤቱ ነው የጠፋው። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ትንሽ አዩት። «እንግዲያውስ ቦርሳዬን ያዝልኝ» ብለው ሌላኛውን ክንዳቸውን ዘረጉ።

ቦርሳውን እስኪጨርሱ ይዞ ቆመ። ከዚያ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቶ ያየውን ሁሉ ነገረው። ዳይሬክተሩ በደብዳቤው ላይ የእትዬን ስም ሰርዞ የእሱን ጻፈ። ቀጥሎ ለበላይ አካል የሚላክ ሌላ ወረቀት ገፋለት፤ ከእንግዲህ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ ነው ይላል።

«ይህን አልፈርምም» አለ ጋሽ ቁልፉ። «ጥያቄዎቹን እቀንሳለሁ። ቅጂ በየቀኑ እወስዳለሁ። ያኔም ሰርጎ ገቦች ሊገቡ ይችላሉ። የምችለው፣ ሲገቡ አንድ ክፍል ብቻ እንዲጎዳ ማድረግ ነው።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ይህንኑ ይጻፉ።»

ዳይሬክተሩ እየከበደውም ቢሆን ጻፈ። ከበላይ መልስ አልመጣም። ጋሽ ቁልፉ ግን ያለውን አደረገ፤ በሁለት ወር ውስጥ ጥያቄዎቹ በቀን ከሃያ አይበልጡም ነበር።

ያን ማክሰኞ ዕለት ከዳይሬክተሩ ቢሮ ወጥቶ በቀጥታ መዝገብ ቤት ነበር የሄደው። የፈቀደው እሱ ራሱ መሆኑን ለእትዬ ነግሮ ይቅርታ ጠየቃት። 

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለችው።

«ከምሳ በፊት።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ተኩል ይላል።

«እስካሁን ምን ትሠራ ነበር?»

ደክሞኝ ነው ሊል አፉን ከፈተና ተወው። እትዬም ፊቷን አዙራ ተራ ይጠብቅ የነበረውን በሽተኛ ካርድ ቁጥሩን ጠየቀችው።